የአርሚኒዎስ ሙግት፤ ከላይደን እስከ ዶርድሬክት

ስሙ ከክርክር ተለይቶ የማይጠራው ሆላንዳዊው መምህር ያዕቆብ አርሚኒዎስ በጠባዩ ጠብ የሚወድ ሰው አልነበረም። በ1575 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የእስፓኝ ወታደሮች የትውልድ ከተማውን አውደዋተርን በያዙ ጊዜ እናቱንና ወንድሞቹን እኅቶቹን ስለ ፈጁበት በሰው ቸርነት ተምሮ፣ በጄኔቭም ከካልቪን ተተኪ ከቴዎዶር ቤዛ እግር ሥር ተቀምጦ፣ በአምስተርዳም ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ከሰበከ በኋላ፣ በ1603 ዓ.ም. በላይደን ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት መምህር ሆነ።

በዚያም ባልደረባው ፍራንሲስኮስ ጎማሩስ፣ እግዚአብሔር ዓለም ሳይፈጠር የሚድነውንና የሚጠፋውን በማይመረመር ፈቃዱ ለይቶ ቈርጧል ብሎ ሲያስተምር፣ አርሚኒዎስ ይህ ቃል እስከ ጫፉ ቢከተሉት ፈጣሪን የኃጢአት አስገኚ ያደርገዋል ብሎ ፈራ፤ ስለዚህም ምርጫው በክርስቶስ ነው፥ የሚያምኑትንም አስቀድሞ ዐውቆ መረጣቸው አለ። ተቃዋሚዎቹ ድኅነትን ለሰው ፈቃድ ሰጠ ብለው በዚሁ ነገር ከተወገዘው ከጥንቱ መምህር ከፔላግዮስ ጋራ ቈጠሩት። ፍርዳቸው የቀና አይመስለኝም፤ የወደቀ ሰው ያለ ጸጋ በጎውን ሊያስብ እንኳ እንደማይችል እርሱም ከነርሱ ባላነሰ ያስተምር ነበርና። የተለያዩት፣ ቀድሞ የሚመጣው ጸጋ የታሰረውን ፈቃድ ከፈታው በኋላ ሰው እንቢ ሊለው ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ነው። አርሚኒዎስ ይችላል ባይ ነበር፤ ድኻ እጁን ዘርግቶ ስለ ተቀበለ ምጽዋቱ ምጽዋት መሆኑ አይቀርም እያለም ይመስል ነበር።

እርሱ በ1609 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ ከአርባ የሚበልጡ ሰባኪዎች በማግሥቱ ዓመት አምስት አንቀጽ ያለው አቤቱታ አቀረቡ። ያመነ ሰው ከጸጋ ሊወድቅ ይችል እንደ ሆነ የሚጠይቀውን አምስተኛውን አንቀጽ ግን ከመጽሐፍ ገና ይመርመር ብለው አቈዩት፤ እንዲህ ያለ ትሕትና በሃይማኖት ክርክር ብዙ አይገኝም።

ነገሩን ያከረረው ፖለቲካው ነው። አቤቱታ አቅራቢዎቹን የደገፈው የሆላንድ መንግሥት መሪ የነበረው አዛውንቱ ዮሐን ቫን ኦልደንባርነቬልት በ1609 ዓ.ም. ከእስፓኝ ጋራ ላደረገው የዐሥራ ሁለት ዓመት የጦርነት ማቆም ስምምነት የጦሩ አለቃ ልዑል ሞሪስ ቂም ይዞበት ነበርና፣ በ1618 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አሰረው። በኅዳር በዶርድሬክት ከእንግሊዝ፣ ከስዊስና ከጀርመን ሊቃውንት ጭምር በተሰበሰበው ጉባኤ፣ የአቤቱታ አቅራቢዎቹ መሪ ስምዖን ኤጲስኮጲዮስና ባልንጀሮቹ እንደ ጉባኤተኛ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ቀረቡ፤ በጥርም ሊቀ መንበሩ ዮሐንስ ቦገርማን ተቈጥቶ አስወጣቸው። ትምህርታቸው ተወገዘ፤ ሁለት መቶ ያህል ሰባኪዎች ተሻሩ፤ የሰባ አንድ ዓመቱም ሽማግሌ ኦልደንባርነቬልት ግንቦት 13 ቀን 1619 ዓ.ም. በሄግ አንገቱ ተቀላ።

ከእርሱ ጋራ ተይዞ ዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት የሕግ ሊቅ ሁጎ ግሮሺየስ ግን በሉቨስታይን ግንብ ሳለ የሚያነበው መጽሐፍ በትልቅ ሣጥን ይመላለስለት ነበር። ዘበኞቹ ሣጥኑን መፈተሽ መሰልቸታቸውን ሚስቱ ማርያ አስተዋለችና፣ በ1621 ዓ.ም. መጋቢት በመጽሐፉ ፈንታ እርሱን ከታበት። የተሸከሙት ወታደሮች ክብደቱ ቢያስመርራቸው ውስጡ አርሚኒዎሳዊ ሳይኖር አይቀርም ብለው ቀለዱ ይባላል።

ሞሪስ በ1625 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ተሽረው የተሰደዱት ሰባኪዎች ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ በ1634 ዓ.ም. በአምስተርዳም የራሳቸውን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከዶርድሬክት ጉባኤ የተባረረው ኤጲስኮጲዮስም መምህሩ ሆነ።