ቀባሪ ላጡት ያደረግነው ጉዞ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ታሪክ ጉብኝታችን እንድንጽፍ ኮሚቴው ባዘዘን መሠረት፣ ያየነውንና የሰማነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን። እኛ የታሪክ ሊቅ አይደለንም። ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ሆኖም ዕድሜያችንን የጨረስነው መዝገብ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ የሰው ስም ከመዝገብ ሲጎድል ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም በዚሁ ዓይን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ነው። አንድ አባላችን ተነስተው፣ «እኛ የምንገናኘው ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ? በሕይወት እያለን አብረን የምናየው አገር የለም ወይ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ክርክር ተነሳ። ገንዘብ ያዣችን «የእድር ገንዘብ ለሽርሽር አይወጣም» ብለው ድርቅ አሉ፤ እውነታቸውንም ነው። በመጨረሻ ከእድሩ ሣጥን አንድ ሳንቲም ሳይነካ ፈቃደኛ የሆነ ከኪሱ እንዲያዋጣ ተወሰነ። አርባ ሰዎች ተመዘገብን።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ባለ ሱቁ ልጅ ነጠላ የለበሱትን እናቶች አይቶ ደነገጠና «ማን ሞተ?» አለን። «ኧረ ማንም አልሞተ፣ ታሪክ ልናይ ነው» አልነው። ማታ ስንመለስ ግን መልሳችን ልክ እንዳልነበረ ገብቶን ነበር።

ጉዞውን የጀመርነው ከራሳችን ሰፈር ስም ነው። ልጆቻችን ንፋስ ስልክ ማለት ንፋስ የሚበዛበት ቦታ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት፣ ጣልያን ከመግባቱ በፊት፣ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ የራዲዮ ጣቢያ በዚህ በደቡቡ የከተማው ዳርቻ ተተከለ። ሕዝቡ በሽቦ የሚሄደውን ስልክ ለምዶ ነበርና፣ ይህኛው በነፋስ የሚሄድ ነው ሲል «ንፋስ ስልክ» አለው። እኛም ስሙን በየቀኑ ታክሲ ላይ እየጠራን ትርጉሙን ሳንጠይቅ ኖርን። አውቶቡሱ ውስጥ ይህ ሲነገር አንድ ሽማግሌ፣ «ታሪክ ሙዚየም ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር፣ ለካስ ተኝተንበት ነው» አሉ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣን። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ የሆነው ቦታ ቀድሞ ገነተ ልዑል የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሡ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየሙ በዚሁ ሕንጻ ውስጥ ናቸው። የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። ሴቶቹ አልጋውን እያዩ ሲያወሩ ብዙ ቆዩ። እኛን ያስቆመን ግን ግቢው ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የጣልያን ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ በዚሁ ግቢ ሰው ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ ግራዚያኒም ቆሰለ። ወዲያው ምጽዋት ለመቀበል በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከዚያም ለሦስት ቀን ያህል በከተማው ሁሉ ሰው በጥይት፣ በአካፋ፣ በዱላ ተገደለ። ቤቶች ሰዎቹ በውስጣቸው እያሉ ጋዩ። ሬሳውም በየጉድጓዱ በጅምላ ተጣለ። ሠልስትም የለ፣ ፍታትም የለ።

ከግቢው ወጥተን አደባባዩ ላይ ካለው የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ስር ቆምን። የፍጅቱ ምስል በሐውልቱ ላይ ተቀርጿል። አስጎብኚው ወጣት የሟቾቹን ቁጥር ሲናገር ጆሯችንን አቀናን። የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ቁጥር 30,000 ነው። ኢያን ካምቤል የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ ደግሞ ብዙ ዓመት አጥንተው ወደ 19,000 ያደርሱታል። ሰው ሁሉ «የትኛው ነው ልክ?» እያለ ሲከራከር፣ እኛ የመዝገብ ቤት ሰው ነንና ልዩነቱን በልባችን ቀነስነው። 11,000 ይመጣል። በሁለት ቁጥር መካከል ይህን ያህል ሰው መኖር አለመኖሩ የማይታወቀው ምን ቢሆን ነው? ያን ጊዜ ስም የሚጽፍ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ቀብር የሚያስፈጽም ስላልነበረ ነው። የአንድ ሰፈር እድር መዝገብ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የዚያ ሰፈር ሟቾች ባልጠፉ ነበር። እድር በከተማ የተስፋፋው በዚያው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ። ያን ዘመን ስናስበው ሰው ቀባሪ ማጣትን በዓይኑ አይቶ ቢሰባሰብ አያስደንቅም። የእድራችን ዳኛ ኮፍያቸውን አውልቀው «እንግዲህ እነዚህ የኛ ናቸው፤ እድር ያልነበራቸው» አሉ። ሁላችንም ቆመን ነፍስ ይማር አልን።

ከስድስት ኪሎ ሳንርቅ አንድ ነገር እናንሳ። ሙዚየሙ ፊት ለፊት ወደ ላይ የሚጠመዘዝ ደረጃ አለ። ጣልያኖች ሞሶሎኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ ደረጃ እያሉ የሠሩት ነው። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃው አልፈረሰም፤ አንበሳው ግን ከላይ ነው። ይህን ያየ ልጅ ብዙ ንግግር አያስፈልገውም።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን ድንቅነሽን አየን። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ናት። ለሕዝብ የሚታየው ግልባጩ ሲሆን ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ይጠበቃል። ምሳችንን እዚያው አካባቢ በልተን ወደ መስቀል አደባባይ ወረድን።

የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። የቆመው በተገቢ ቦታ ነው። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደም የመሰለ ነገር የተሞላ ጠርሙስ የሰበሩት እዚሁ አደባባይ ላይ ነው፤ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። ያን ጊዜ እኛ ለጋ ወጣቶች ነበርን፤ ማንም እንዲያስረዳን አላስፈለገም። ልጁ የተገደለበት ቤተሰብ እንዳያለቅስ ይከለከል ነበር። ሬሳውን ለመውሰድም የጥይት ዋጋ የተጠየቀ ብዙ ነው። በመስታወት ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንትና ልብስ አለ። ግድግዳው ሙሉ ፎቶግራፍ ነው፤ አብዛኛው የልጅ ፊት።

ከመካከላችን አንዲት እናት ከፎቶዎቹ ፊት አልነቀል አሉ። አንድ በአንድ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር አዩ። እኒህ እናት በእድራችን ከሃያ ዓመት በላይ የሰውን ለቅሶ ሲያስተናግዱ፣ ንፍሮ ሲቀቅሉ፣ ሐዘንተኛ ሲያጽናኑ የኖሩ ናቸው። ጠጋ ብለን «ምን ይፈልጋሉ?» አልናቸው። «ወንድሜን» አሉን። በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። እናታቸው በሌሊት፣ ትራስ አፋቸው ላይ አድርገው ነበር የሚያለቅሱት። ድንኳን አልተተከለም፤ ጡሩምባ አልተነፋም። ፎቶውንም ግድግዳው ላይ አላገኙትም። «እዚህስ ይኖራል ብዬ ነበር» ብለው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

በመልሱ አውቶቡስ ውስጥ ዘፈን የለ፣ ጨዋታ የለ። ቄራ ላይ ስንደርስ ዳኛችን ዝምታውን ሰበሩት። ደንባችን ሟች በስንት ቀን መመዝገብ እንዳለበት ይናገራል፤ ከአርባ ዓመት በላይ ስለቆየ ሐዘን ግን አንድ አንቀጽ የለውም። «ለእንባ ደንብ አያስፈልግም» አሉ። በማግስቱ እሁድ ወንበሮቹን ከእድር ቤት አውጥተን ከእኒህ እናት ግቢ ተቀመጥን። ቡና ተፈላ፣ ንፍሮ ቀረበ። ይህን ጊዜ ንፍሮውን የቀቀሉት ሌሎች ሴቶች ናቸው። «እግዜር ያጥናሽ» ተባሉ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ወንድማቸው። ጮክ ብለው አለቀሱ። የወንድማቸውንም ስም በእድሩ መዝገብ ላይ እኛው በእጃችን ጻፍነው።

ከዚያ ወዲህ ጉዞው አልተቋረጠም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ልጆቻችንን ይዘን አይተናል። ስለሆነም ለጠቅላላ ጉባኤው የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ጉብኝቱ በየዓመቱ የካቲት ላይ፣ እንደ በፊቱ በፈቃደኞች መዋጮ ይቀጥል። ጉልበታቸው የደከመ አባላት ስላሉ በአንድ ቀን ከሁለት ቦታ በላይ አይበዛ። እኛ ሦስት ሙዚየም አይተን ሁለት ሰው ራሱን አዙሮት ነበር።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቢያንስ አንድ ወጣት ይላክ። አሮጌው ለአሮጌው ቢያወራ ወሬው አብሮ ይቀበራል።

ሦስተኛ፣ ጸሐፊያችን ከመዋጮው መዝገብ ጎን አንድ ወፍራም ደብተር ይክፈቱ። በየካቲት 12ም ይሁን በቀይ ሽብር፣ በጦርነትም ይሁን በስደት መንገድ ላይ፣ ሳይቀበር የቀረ ዘመድ ያለው አባል ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የጠፋበትን ዓመት ያስመዝግብ። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። ገንዘብ ያዣችን ለዚህም ከሣጥን አይወጣም ካሉ፣ ደብተሩን እኛ እንገዛለን።

የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውን ፈጣሪ በሰላም ያሰንብተን።