የጥንታዊት ግብፅ ጥናትና የጎንደር ብራናዎች

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ አዲ አርቃይ የሚያመራው መንገድ ሊማሊሞን ተከትሎ ወደ ድብ ባሕር ይወርዳል። የመኪና መንገዱ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በተራራው ላይ የሚያልፈው የነጋዴዎችና የመንፈሳውያን ጉዞ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ጎንደር የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከተማዋን ከምጽዋ ወደብ፣ በቀይ ባሕርም በኩል ከግብፅ ጋር ካገናኙት መስመሮች አንዱ ይኸው ነበር።

ግንኙነቱ የንግድ ብቻ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እ.ኤ.አ. እስከ 1959 ድረስ ጳጳሳቷን ከእስክንድርያ መንበር ስትቀበል ኖራለች። በጎንደር ከተማ አቡን ቤት የሚባለው ሠፈር የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። ከጳጳሳቱና ከመነኮሳቱ ጋርም መጻሕፍት መጥተዋል፤ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተርጉመዋል፤ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ተባዝተዋል። በዚህ ምክንያት ስለ ጥንታዊት ግብፅ ታሪክ፣ ባህልና ሃይማኖት የሚደረገው ጥናት በዓባይ ዳር ከሚገኙት ቤተ መቅደሶችና መቃብሮች አልፎ የግዕዝ ብራናዎችንም የሚፈልግ ሆኗል። ከእነዚህ ብራናዎች መካከል ብዙዎቹ በአሁኑ ጊዜ የሚገኙት ከአገር ውጭ ነው።

ከቴብስ መቃብሮች እስከ ጎንደር

ሁለቱን የጥናት መስኮች አስቀድመው ካገናኙት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 በላይኛው ግብፅ በቴብስ የሚገኘውን የፈርዖን ራምሴስ ሣልሳዊ መቃብር ጎብኝቶ በግድግዳው ላይ የተሣሉትን በገና ደርዳሪዎች ንድፍ አንሥቷል። መቃብሩ እስከ ዛሬም “የብሩስ መቃብር” እየተባለ ይጠራል። በዚሁ ጉዞው የገዛው በቅብጥኛ የተጻፈ ጥንታዊ የፓፒረስ መጽሐፍ በኦክስፎርድ ቦድልያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ብሩስ ከግብፅ ተነሥቶ በምጽዋና በአክሱም በኩል ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1770 የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ጎንደር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉ የቴብስን በገና ደርዳሪዎች ሥዕል ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር በአንድነት አቅርቧል። በዚሁ መጽሐፍ ከአክሱም የተገኘ መሆኑን የገለጸው አንድ ግብፃዊ ጽላት ሥዕልም ታትሟል። በጽላቱ ላይ የግብፃውያን አምላክ ሆረስ በሕፃን አምሳል አዞዎችን ረግጦ፣ እባቦችንና ጊንጦችን ጨብጦ ይታያል። ግብፃውያን እንዲህ ባለው ጽላት ላይ ውኃ ያፈስሱና ውኃውን ከመርዝ ለመዳን ይጠጡት ነበር። በጽላቱ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ግን በዚያን ጊዜ ሊያነብ የሚችል ሰው አልነበረም። ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ሻምፖልዮን የሄሮግሊፍን ምስጢር መፍታቱን ያስታወቀው ከ32 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1822 ነው። ለዚህ ውጤት ካበቁት ዕውቀቶች አንዱ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ የሆነው ቅብጥኛ ነበር።

በግብፅ የጠፋ፣ በግዕዝ የተረፈ

ብሩስ ከኢትዮጵያ ይዟቸው ከሄደው መጻሕፍት መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝበታል። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ብቻ ነው። ከመቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 እና በ1887 በግብፅ አክሚም በተባለ ቦታ በተደረገ ቁፋሮ፣ ከአንድ ጥንታዊ መቃብር የዚሁ መጽሐፍ የግሪክኛ ክፍል ተገኘ። ተመራማሪዎች ከግብፅ ምድር የወጣውን ቁራጭ ከሙሉው መጽሐፍ ጋር ሊያነጻጽሩ የቻሉት በግዕዙ አማካይነት ነው።

ለግብፅ ታሪክ ይበልጥ ቀጥተኛ አስተዋጽኦ ያደረገው በኢትዮጵያ “ዮሐንስ መደብር” እየተባለ የሚጠራው የታሪክ መጽሐፍ ነው። ደራሲው በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በግብፅ የኒቅዩስ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ዮሐንስ ሲሆን፣ መጽሐፉ ከአዳም ጀምሮ የጥንት የግብፅ ነገሥታትን፣ የሮማን አገዛዝና የዐረቦችን ወደ ግብፅ መግባት ይተርካል። ፈላስፋዋ ሂፓቲያ በእስክንድርያ ስለተገደለችበት ሁኔታም ዘግቧል። ደራሲው የጻፈው የመጀመሪያ ቅጅ ጠፍቷል፤ ታሪኩን ለዘመናችን ያደረሰው የግዕዙ ትርጉም ነው። መጽሐፉን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1602 የተረጎመው ገብርኤል የተባለ ግብፃዊ መነኩሴ ሲሆን፣ ትርጉሙ የተሠራው የዐፄ ሠርፀ ድንግል ባለቤት በነበሩት በንግሥት ማርያም ሥናና በጦር አዛዡ በራስ አትናቴዎስ ትእዛዝ ነው።

ሄርማን ዞተንበርግ የግዕዙን ጽሑፍ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር እ.ኤ.አ. በ1883 በፓሪስ አሳተመ። ሮበርት ሄንሪ ቻርልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1916 በእንግሊዝኛ አቀረበው። የዐረቦችን የግብፅ ዘመቻ የሚያጠኑ የታሪክ ሊቃውንት ከዚያ ወዲህ ያለዚህ መጽሐፍ ሥራቸውን ሊያካሂዱ አልቻሉም። ይሁን እንጂ በግዕዙ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ610 እስከ 640 ድረስ ያለው የሠላሳ ዓመታት ታሪክ ጎድሏል። ክፍተቱን ሊሞላ የሚችል ሌላ ቅጅ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ቢገኝ ለዓለም የታሪክ ጥናት ታላቅ ግኝት ይሆናል።

ልፋፈ ጽድቅና የግብፃውያን መጽሐፈ ሙታን

የሁለቱን አገሮች ሃይማኖታዊ ጽሑፎች በቀጥታ ያነጻጸረው እንግሊዛዊው ሊቅ ሰር ኧርነስት ዋሊስ በጅ ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም የግብፅ ክፍል ኃላፊ የነበረው በጅ “መጽሐፈ ሙታን” በመባል የሚታወቀውን የግብፃውያን ጽሑፍ በማሳተም ዝናን ያተረፈ ሲሆን፣ ክብረ ነገሥትንና ሌሎች የግዕዝ መጻሕፍትንም ተርጉሟል። እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ ልፋፈ ጽድቅን “የኢትዮጵያውያን መጽሐፈ ሙታን” በሚል መጠሪያ አሳተመ።

ልፋፈ ጽድቅ ምስጢራውያን ስሞችንና ጸሎቶችን የያዘ፣ ከሟች ጋር እንዲቀበር የሚጻፍ መጽሐፍ ነው። የግብፃውያኑም ጽሑፍ በፓፒረስ ተጽፎ ከሬሳው ጋር ይቀመጥ የነበረ ሲሆን፣ ሟቹ በወዲያኛው ዓለም ያሉትን በሮችና ዘበኞቻቸውን በስማቸው ጠርቶ እንዲያልፍ የሚያስችል ነው ተብሎ ይታመንበት ነበር። በጅ በሁለቱ መካከል ዝምድና መኖሩን ያምን ነበር። ይሁንና መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ልፋፈ ጽድቅ ከእመቤታችንና ከክርስቶስ ንግግር የሚነሣ ክርስቲያናዊ ይዘት ያለው ጽሑፍ ነው። የግብፅን ጥንታዊ እምነት በቀጥታ የወረሰ መሆኑን ለማረጋገጥ በመካከሉ ያሉትን የቅብጥና የዐረብኛ ጽሑፎች በቅደም ተከተል ማጥናት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ጥናት ሊቃውንቱ ከብራናው ጋር ባሉበት ቦታ ቢካሄድ የበለጠ ፍሬ እንደሚኖረው አያጠራጥርም።

በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኘው ቅርስ

የጥንታዊት ግብፅ ውርስ በብራና ብቻ የተወሰነ አይደለም። በየዕለቱ በደብዳቤዎችና በመዛግብት ላይ የሚጻፈው ቀን መሠረቱ የግብፃውያን የዘመን አቆጣጠር ነው። ግብፃውያን ዓመቱን እያንዳንዳቸው 30 ቀናት ባሏቸው 12 ወራት ከፍለው በመጨረሻው ላይ አምስት ቀናት ይጨምሩ ነበር። አምስቱን ቀናት ኦሲሪስ፣ ሆረስ፣ ሴት፣ ኢሲስና ኔፍቲስ የተባሉት አማልክት የተወለዱባቸው ናቸው ብለው ያከብሯቸው ነበር። በሮማዊው ቄሣር በአውግስጦስ ዘመን በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን እንዲጨመር ተደረገ። ጳጉሜን የሚለው ስምም “ተጨማሪ” የሚል ትርጉም ካለው የግሪክኛ ቃል የመጣ ነው። የኢትዮጵያ መስከረም 1 ቀን የሚውለው የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ቱት ብላ የምትጠራው ወር በሚጀምርበት ዕለት ሲሆን፣ ወሩ ስሙን ያገኘው የጽሕፈት አምላክ ይባል ከነበረው ከቶት ነው። በማኅሌት የሚያገለግለው ጸናጽልም ጥንት በሐቶርና በኢሲስ ቤተ መቅደሶች ይንሿሿ ከነበረው መሣሪያ ጋር በቅርጹ ይመሳሰላል።

ብራናዎቹ የሚገኙበት ቦታ

ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት በመቅደላ ይገኙ ነበር። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላን ከያዘ በኋላ 350 ያህል ብራናዎች ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተወስደዋል፤ ከእነዚህም አንዱ የዮሐንስ መደብር ቅጅ ነው። የብራናዎቹ ዝርዝር መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1877 በዊልያም ራይት አማካይነት ታትሟል። አንቷን ዳባዲ የሰበሰባቸው ብራናዎች በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በግብፃዊው የመነኮሳት አባት ስም የተሰየመው የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎችም እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል በተመራው የዳካር ጅቡቲ ተልእኮ ወደ ፓሪስ ተወስደዋል።

በአገር ውስጥ ያሉትን ብራናዎች ለማዳን ከተደረጉት ጥረቶች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎች ፎቶግራፍ የተነሡ ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት እስከተለዩበት ጊዜ ድረስ በዝርዝር መግለጫው ዝግጅትና በጽሑፎቹ ጥናት ከፍተኛ አስተዋጽኦ አበርክተዋል።

ቀሪው ሥራ

ስለ ቅርስ ጥናትና ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርሶች እንዲመዘገቡና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ ይደነግጋል። ድንጋጌው ተግባራዊ የሚሆነው ግን በየደብሩና በየገዳሙ ያለው ብራና በስሙ፣ በቅጠሉ ብዛትና በይዘቱ ተለይቶ ሲታወቅ ነው። በጥቅሉ “አንድ የብራና መጽሐፍ” ተብሎ የተመዘገበ ቅርስ ቢጠፋ ወይም በሌላ ቢለወጥ ለማስመለስ የሚያስችል ማስረጃ አይኖርም።

በመሆኑም የወረዳና የዞን የባህል ጽሕፈት ቤቶች፣ ከቤተ ክርስቲያን አስተዳደርና ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር፣ ግዕዝ የሚያውቁ መዝጋቢዎችን መመደብ፣ እያንዳንዱ ቅጠል በዲጂታል ፎቶግራፍ እንዲነሣ ማድረግና የምዝገባው ቅጅ ከባለ ንብረቱ ደብር እጅ እንዳይለይ መቆጣጠር ይጠበቅባቸዋል። በውጭ የሚገኙትን ብራናዎች ምስል ማስመጣትና ከአገር ውስጡ ቅጅ ጋር ማመሳከርም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ግብፅ ያጣችውን ታሪክ የጠበቁት በየአድባራቱ የነበሩ ጸሐፍት ናቸው። እነርሱ ያቆዩትን መዝግቦ ለተከታዩ ትውልድ ማስተላለፍ ደግሞ ዛሬ በኃላፊነት ላይ ያሉት አካላት ድርሻ ይሆናል።