ደህንነቱ የተጠበቀ ሶፍትዌር ግንባታ፦ ምርምሩና ትምህርቱ

ደህንነቱ የተጠበቀ ሶፍትዌር ግንባታ የኮምፒውተር ሳይንስ ዘርፍ ነው። ፕሮግራም ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ቀዳዳውን ከመድፈን ይልቅ፣ ገና ሲነደፍና ሲጻፍ ቀዳዳ እንዳይኖረው የሚደረግበትን መንገድ ያጠናል፤ ያስተምራልም። ጸረ ቫይረስና ፋየርዎል የግቢው አጥርና ዘበኛ ናቸው ከተባለ፣ ይህ ዘርፍ የሚያየው ግንበኛውን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሠረቱ የተጣለው ቀደም ብሎ ነው። በ1975 የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎቹ ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር በኮምፒውተር ውስጥ ያለ መረጃ እንዴት እንደሚጠበቅ ባሳተሙት ጽሑፍ ስምንት የንድፍ መርሆች ዘረዘሩ። አንዱ፣ ማንኛውም ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይሰጠው ይላል፤ ዘበኛ የበሩን እንጂ የካዝናውን ቁልፍ አይያዝ እንደማለት። ሌላው፣ በግልጽ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ይሁን የሚል ነው። መርሆቹ እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። ጠፍቶ የኖረው የሚሠራባቸው ነው።

ኖቬምበር 2 ቀን 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ታፓን ሞሪስ አንድ ትል፣ ማለትም ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም፣ ለቀቀ። በጊዜው ግምት፣ ኢንተርኔት ላይ ከነበሩት 60,000 ገደማ ኮምፒውተሮች 6,000 ያህሉ ተጠቁ። ትሉ ከገባባቸው በሮች አንዱ ፊንገር የተባለ አገልግሎት ነበር። ይህ ፕሮግራም 512 ባይት የሚይዝ ቦታ አዘጋጅቶ፣ ከውጭ የሚላክለትን ጽሑፍ ጌትስ በምትባል፣ ሲ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፈንክሽን ይቀበላል። ጌትስ ደግሞ ዕቃው ሞላ አልሞላ ብላ አታይም፤ የመጣላትን ሁሉ ትቀዳለች። ትሉ 536 ባይት ላከ። ሞልቶ የፈሰሰው ትርፍ፣ ፕሮግራሙ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ የሚያመለክተውን አድራሻ ለወጠው፤ ማሽኑም ለእንግዳው ይታዘዝ ጀመር።

በዚያው ወር ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት በፒትስበርግ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ፣ ሰርት የተሰኘውን ማዕከል አቋቋመ። ማዕከሉ አደጋ ሲደርስ ከመድረስ አልፎ የሲ ፕሮግራመሮች የሚመሩበት የአጻጻፍ ደንብ አዘጋጅቷል። ጌትስ ግን ከቋንቋው ይፋ መስፈርት የተሰረዘችው በ2011 ነው፤ ከትሉ በኋላ 23 ዓመት ቆይታ። ሞሪስ እንኳ ትሉን በመልቀቁ የተፈረደበትን ቅጣት ጨርሶ የኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ነበር።

በትምህርቱ በኩል ብዙ የተወራላቸው በ2002 በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ዌንሊያንግ ዱ የጀመሯቸው፣ ሲድ ላብስ የተባሉት የተግባር ልምምዶች ናቸው። ተማሪው በገዛ ላፕቶፑ፣ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ፣ የሞሪስን ዓይነት ጥቃት ራሱ ይፈጽማል፤ ከዚያ መከላከያውን አብርቶ ጥቃቱ ሲከሽፍ ያያል። በ2001 የተመሠረተው ኦዋስፕ የተባለ የሶፍትዌር ደህንነት ድርጅትም ዌብጎት የተባለ፣ ሆን ተብሎ ቀዳዳ የበዛበት የመለማመጃ ሶፍትዌር በነጻ ያቀርባል። ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2002 የዊንዶውስ መሐንዲሶቹን ከአዲስ ሥራ አስቁሞ ለስልጠናና ለኮድ ፍተሻ መድቧቸው ነበር።

ሰልጥኖስ ባለሙያው ይሠራበታል? የጀርመኑ ቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት 20 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን የአንድ ማኅበራዊ ድረ ገጽ መመዝገቢያ አሠሯቸው። ለግማሾቹ የይለፍ ቃል በጥንቃቄ እንዲያስቀምጡ ተነገራቸው፤ ለቀሩት ምንም አልተባለም። ካልተነገራቸው መካከል አንድም ሰው በጥንቃቄ አላስቀመጠም። ተማሪ ስለሆኑ ነው የሚል ሙግት ስለተነሣ፣ ቡድኑ በ2019 ባወጣው ሌላ ጥናት በኢንተርኔት የሚቀጠሩ ፍሪላንሰሮችን ፈተነ። ከእነሱም የይለፍ ቃሉን በቤዝ64 ለውጠው ቆለፍነው ያሉ ተገኙ። ቤዝ64 ጽሑፍን በሌላ ፊደል መገልበጥ ብቻ ነው፤ ማንም በአፍታ ይመልሰዋል። አሠሪው ካልጠየቀ ባለሙያው ብዙውን ጊዜ አይሠራውም ማለት ነው፤ ሲጠየቅም የሚያውቀው መሆኑ አያስተማምንም።

አሁን ጥያቄው ኮድ ወደሚጽፍ ማሽን ዞሯል። በ2021 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጊትሃብ ኮፓይለት የተባለውን ኮድ ጸሐፊ በ89 ሁኔታዎች ፈትነው 1,689 ፕሮግራሞች አስጻፉት። 40 በመቶ ያህሉ ለጥቃት የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ኮፓይለት የሰለጠነው ሰዎች ጽፈው በይፋ ካስቀመጡት ኮድ ነው።