ለመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮችና ሰርቨሮች የዩፒኤስ አመራረጥ፣ ተከላና አጠባበቅ

የዜጎችን መዝገብ የያዘ ሰርቨር በሥራ ላይ እያለ ኃይል በድንገት ሲቋረጥበት፣ ጉዳቱ ባለጉዳዮች ተሰልፈው በሚጠብቁባቸው ደቂቃዎች ብቻ አይለካም። በዚያ ቅጽበት በመጻፍ ላይ የነበረ መዝገብ በከፊል ተጽፎ ሊቀር ወይም የዳታቤዙ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ኃይሉ ተመልሶ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ሁሉም ነገር ደኅና ሊመስል ይችላል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ግን ምናልባት ከሳምንታት በኋላ፣ ባለጉዳዩ ማስረጃውን ሊወስድ ሲመጣ ነው።

በተለምዶ ዩፒኤስ ተብሎ የሚጠራው የማይቋረጥ የኃይል አቅርቦት መሣሪያ ይህን አደጋ ለመከላከል ያገለግላል። መሣሪያው በግድግዳው ሶኬትና በኮምፒዩተሩ መካከል ተገናኝቶ፣ ኃይል ሲቋረጥ በውስጡ ካለው ባትሪ ኃይል ይሰጣል። ዋና ተግባሩ ሥራን ለሰዓታት ማስቀጠል ሳይሆን፣ ኮምፒዩተሮች በሥርዓት እስኪዘጉ ወይም ጄኔሬተር እስኪነሣ ያለውን ክፍተት መሸፈን ነው። በመሆኑም ተከላው ተጠናቀቀ የሚባለው መሣሪያው ሶኬት ላይ በተሰካበት ዕለት ሳይሆን፣ ቢሮው ተዘግቶ ማንም በሌለበት ሰዓት ኃይል ቢጠፋ ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንደሚዘጋ በሙከራ ሲረጋገጥ ነው።

የዩፒኤስ ዓይነቶች

ዩፒኤሶች በአሠራራቸው በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ተጠባባቂ ወይም ኦፍላይን የሚባለው ነው። ይህ ዓይነቱ በመደበኛ ጊዜ የመስመሩን ኃይል እንዳለ ያሳልፋል፤ ኃይሉ ሲቋረጥ ወይም ቮልቴጁ ከተወሰነ ገደብ ሲወጣ ወደ ባትሪ ይዞራል። ሽግግሩ የሚፈጀው ጥቂት ሚሊሰከንዶች በመሆኑ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሳይጠፋ ያልፈዋል። ለአንድ ሠራተኛ ኮምፒዩተር በቂ ነው።

ሁለተኛው ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው ሲሆን፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ወይም ሲጨምር ባትሪውን ሳይነካ የሚያስተካክል ክፍል አለው። ቮልቴጅ በሚዋዥቅባቸው አካባቢዎች ኦፍላይን ዩፒኤስ በየጊዜው ወደ ባትሪ ስለሚዞር ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ላይን ኢንተራክቲቩ ይህን ችግር ያቃልላል።

ሦስተኛው ኦንላይን ነው። ከመስመሩ የሚገባውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ፣ ከዚያም መልሶ ወደ ተለዋዋጭ ስለሚቀይር በሰርቨሩ ላይ የሚደርሰው ኃይል ከመስመሩ መዋዠቅ የተለየ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥም የሽግግር ጊዜ የለውም። ዋጋው ከፍ ያለና ሙቀቱም የበዛ ቢሆንም፣ ለሰርቨሮችና ለመረጃ ማከማቻ መሣሪያዎች የሚመረጠው ይህ ዓይነቱ ነው።

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር ለቢሮ ዕቃዎች የሚሰጠው 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። በግዢም ሆነ በስጦታ ከውጭ የሚመጡ መሣሪያዎች ለ120 ቮልት የተሠሩ አለመሆናቸው ከመሰካታቸው በፊት መረጋገጥ አለበት።

የአቅም ስሌት

በዩፒኤስ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በቮልት አምፔር የተገለጸ ነው። ኮምፒዩተሮች በተግባር የሚወስዱት ኃይል ግን በዋት ይለካል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ስላልሆኑ በግዢ ዝርዝር መግለጫ ላይ ሁለቱም መጠቀስ አለባቸው።

ለምሳሌ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት 300 ዋት የሚወስድ ሰርቨር፣ 40 ዋት የሚወስድ የኔትወርክ ስዊች፣ 20 ዋት የሚወስድ ራውተርና ከነስክሪኑ 140 ዋት የሚወስድ አንድ ኮምፒዩተር ቢኖሩት ጠቅላላ ጭነቱ 500 ዋት ይሆናል። ለመጠባበቂያ 25 በመቶ ሲታከልበት 625 ዋት ይደርሳል።

በደጋማ አካባቢዎች ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ መሣሪያውን የማቀዝቀዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ብዙ አምራቾች የሚገልጹት አቅም ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ላለ ቦታ የሚሠራ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ትገኛለች። የመሣሪያው መመሪያ ለዚህ ከፍታ የ10 በመቶ ቅናሽ ቢያዝ፣ ከላይ ለተጠቀሰው ጽሕፈት ቤት የሚያስፈልገው አቅም ወደ 700 ዋት ገደማ ከፍ ይላል። በዚህ ስሌት መሠረት 1000 ቮልት አምፔርና 600 ዋት የሆነ ዩፒኤስ አይበቃም፤ 1000 ቮልት አምፔርና 900 ዋት የሆነው ግን ይበቃል። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር በሁለቱም ላይ አንድ ነው።

ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በቀላል ማካፈል መገመት ያሳስታል። እያንዳንዳቸው 12 ቮልትና 9 አምፔር ሰዓት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች በወረቀት ላይ 216 ዋት ሰዓት ይይዛሉ፤ ለ500 ዋት ጭነት 26 ደቂቃ ያህል የሚበቁ ይመስላል። ባትሪ በፍጥነት ሲራገፍ የሚሰጠው ኃይል ስለሚቀንስና በመቀየር ሂደትም የሚባክን ኃይል ስላለ በተግባር የሚገኘው ጊዜ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ትክክለኛውን ጊዜ የሚያሳየው አምራቹ በየጭነቱ መጠን የሚያወጣው ሠንጠረዥ ነው።

የቦታ መረጣ

በዩፒኤስ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የታሸገ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ሙቀቱ ከዚህ በላይ በ10 ዲግሪ ያህል ሲጨምር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። እንደ ጋምቤላና ሰመራ ባሉ ሞቃታማ ከተሞች ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል ባትሪውን ያለዕድሜው ይጨርሰዋል። በየትኛውም አካባቢ መሣሪያው ፀሐይ ከሚያርፍበት መስኮት ሥር፣ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ወረቀት በተከመረበት ጥግ መቀመጥ የለበትም። የአየር መውጫዎቹ ከግድግዳ ፈቀቅ ማለት አለባቸው። ወለሉ በውኃ በሚወለወልበት ክፍል ከወለሉ ከፍ ባለ ጠንካራ ማስቀመጫ ላይ ይደረጋል። በሰርቨር መደርደሪያ ላይ ሲገጠም ክብደቱ ሚዛን እንዳያሳጣ በታችኛው ክፍል ይሆናል።

የተከላ ቅደም ተከተል

1. መሣሪያው ከካርቶን ሲወጣ መሰንጠቅ ወይም የፈሳሽ ምልክት አለመኖሩ ይታያል፤ መለያ ቁጥሩና የባትሪው የምርት ቀን ይመዘገባል።

2. አንዳንድ አምራቾች ለማጓጓዝ ደኅንነት ሲሉ የባትሪውን ማገናኛ ነቅለው ይልካሉ። ይህ ከሆነ በመመሪያው መሠረት ይገናኛል።

3. የግድግዳው ሶኬት ግራውንድ የሚባለው የመሬት መስመር ያለው መሆኑን የኤሌክትሪክ ባለሙያ በመለኪያ ያረጋግጣል። የመሬት መስመሩን የሚያስቀር ስፒና ወይም ማገናኛ መጠቀም ሰውንም መሣሪያውንም ለአደጋ ያጋልጣል።

4. ዩፒኤሱ በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል። በማከፋፈያ ገመድ ወይም በሌላ ዩፒኤስ በኩል አይገናኝም።

5. ባትሪው በመመሪያው ለተገለጸው ሰዓት ይሞላል። ይህ እንደ ዓይነቱ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ሊደርስ ይችላል።

6. ብዙ ዩፒኤሶች ሁለት ዓይነት ሶኬት አላቸው፤ አንደኛው ከባትሪ ኃይል የሚያገኝ፣ ሌላው ከድንገተኛ የቮልቴጅ መጨመር ብቻ የሚጠብቅ ነው። ሰርቨር፣ ስዊች፣ ራውተርና የኮምፒዩተር ስክሪን በባትሪው ሶኬት ላይ ይሰካሉ። ሌዘር ፕሪንተር፣ ፎቶኮፒ ማሽን፣ ውኃ ማፍያና የክፍል ማሞቂያ ከፍተኛ ኃይል ስለሚስቡ በዚህ ሶኬት ላይ ፈጽሞ መሰካት የለባቸውም።

7. መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ እየተከፈቱ የጭነት ማሳያው ይታያል። ጭነቱ ከአቅሙ 80 በመቶ ባያልፍ ይመረጣል።

በስፒና የማይሰኩ ትላልቅ ዩፒኤሶች የራሳቸው ብሬከር ተበጅቶላቸው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ ይገጠማሉ።

ሰርቨሮች በራሳቸው እንዲዘጉ ማድረግ

ከዩፒኤሱ ጋር የሚመጣው የዩኤስቢ ገመድ ከካርቶኑ ሳይወጣ ከቀረ፣ ኃይል መቋረጡን ሰርቨሩ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ባትሪው እስኪያልቅ ይሠራና በመጨረሻ ዩፒኤስ እንደሌለው ሁሉ በድንገት ይጠፋል። ሌሊትና በበዓላት ቀናት የማስጠንቀቂያ ድምፁን የሚሰማ ሰው ስለማይኖር ይህ ገመድ የተከላው ዋና አካል ነው።

ገመዱ ከተገናኘ በኋላ የአምራቹ ሶፍትዌር ይጫናል። ዊንዶውስ ብዙዎቹን በዩኤስቢ የሚገናኙ ዩፒኤሶች እንደ ባትሪ ይለያቸዋል፤ ለሊኑክስ ደግሞ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ያገለግላል። አንድ ዩፒኤስ ብዙ ሰርቨሮችን ሲይዝ የመዝጊያው ትእዛዝ የሚተላለፈው በኔትወርክ ነው። በዚህ ጊዜ ስዊቹ ራሱ በዩፒኤሱ ላይ ካልተሰካ ኃይል በተቋረጠበት ቅጽበት አብሮ ስለሚጠፋ ትእዛዙ ለሰርቨሮቹ አይደርስም።

ሰርቨሮች የሚዘጉበት ቅደም ተከተልም መወሰን አለበት። መጀመሪያ የአገልግሎት ሶፍትዌሩ፣ ቀጥሎ ዳታቤዙ፣ በመጨረሻም የመረጃ ማከማቻው ይዘጋል። ሲነሡ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

የጊዜው ስሌት በልኬት ላይ ይመሠረታል። ሰርቨሩ በሥርዓት ለመዘጋት 6 ደቂቃ ቢፈጅና ለአጭር መቆራረጥ 2 ደቂቃ እንዲጠብቅ ቢደረግ፣ ቢያንስ 8 ደቂቃ ያስፈልጋል። ባትሪ ከዓመት ዓመት ስለሚዳከም አዲሱ ባትሪ የዚህን እጥፍ፣ ማለትም 16 ደቂቃ ያህል እንዲሰጥ ሆኖ ቢመረጥ አስተማማኝ ይሆናል። ኃይል ሲመለስም ባትሪው በከፊል ሳይሞላ ሰርቨሩ እንዳይነሣ ማድረግ ይገባል፤ ኃይል ተመልሶ ወዲያው ቢጠፋ ለሁለተኛ ጊዜ በሥርዓት ለመዘጋት የሚበቃ ኃይል አይኖርምና።

የርክክብ ሙከራ

ሙከራው የሚካሄደው ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ የመረጃው ቅጂ በሌላ ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ኃይሉ የሚቋረጠው ስፒናውን ከግድግዳ በመንቀል ሳይሆን ብሬከሩን በማጥፋት ነው፤ ስፒናው ሲነቀል የመሬት መስመሩም አብሮ ይቋረጣል። ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ የዞረበት፣ የመዝጊያው ትእዛዝ የተላለፈበትና እያንዳንዱ ሰርቨር የተዘጋበት ሰዓት ይመዘገባል። ብሬከሩ ሲመለስ ሰርቨሮቹ በታሰበው ቅደም ተከተል መነሣታቸው ይታያል። የርክክብ ሰነድ ከዚህ ሙከራ በፊት መፈረም የለበትም።

ጄኔሬተር ባለበት መሥሪያ ቤት

ጄኔሬተር ሲነሣ የሚሰጠው ቮልቴጅና ድግግሞሽ ለጊዜው ሊዋዥቅ ይችላል። ዩፒኤሱ ይህን ኃይል ብቁ አይደለም ብሎ ካልተቀበለው ጄኔሬተሩ እየሠራ ባትሪው እያለቀ ይሄዳል። መፍትሔው ጄኔሬተሩን ማስመርመርና በዩፒኤሱ ቅንብር ውስጥ ያለውን የመቀበያ ገደብ አምራቹ በሚፈቅደው መጠን ማስፋት ነው። ባትሪው በሚሞላበት ጊዜ የሚወስደው ተጨማሪ ኃይልም በጄኔሬተሩ አቅም ውስጥ መታሰብ አለበት።

በክረምት ወራት ለሚያጋጥም መብረቅ ዩፒኤስ ብቻውን በቂ መከላከያ አይደለም። በሕንፃው ማከፋፈያ ፓኔል ላይ የሚገጠም መከላከያና ጤናማ የመሬት መስመር ያስፈልጋል።

የባትሪ ክትትል፣ ቅያሪና አወጋገድ

የታሸገ የእርሳስና አሲድ ባትሪ በአማካይ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። በየስድስት ወሩ በሚደረግ ሙከራ የሚቆይበት ጊዜ አዲስ ሳለ ከተመዘገበው 80 በመቶ በታች ሲወርድ መቀየር ይኖርበታል። በአንድ ዩፒኤስ ውስጥ ያሉ ባትሪዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ፤ አሮጌና አዲስ ሲቀላቀል አዲሱም ይጎዳል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የቅያሪው ወጪ አስቀድሞ በዕቅድ መያዝ አለበት። ተገዝቶ በመጋዘን የሚቆይ ዩፒኤስም ቢያንስ በየስድስት ወሩ፣ በሞቃት ቦታ ደግሞ በየሦስት ወሩ ኃይል ካልተሞላ ሥራ ሳይጀምር ባትሪው ሊሞት ይችላል።

ከግድግዳ የተነቀለ ዩፒኤስ በሶኬቶቹ ላይ 220 ቮልት ሊኖረው ስለሚችል ክዳኑን ባለሙያ ያልሆነ ሰው መክፈት የለበትም። ያበጠ ወይም ሽታ ያለው ባትሪ ከሥራ ይወጣል። አሮጌ ባትሪ እርሳስና አሲድ የያዘ በመሆኑ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 በሚያዘው መሠረት ለሚመለከተው ተረካቢ እስኪሰጥ ድረስ ጫፎቹ ተሸፍነው በደረቅ ቦታ ይቀመጣል።

እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሥራ በስም የተመደበ ኃላፊ ሊኖረው ይገባል። የተከላው ቀን፣ የጭነቱ መጠን፣ የመጨረሻው ሙከራ ውጤትና ባትሪው የሚቀየርበት ዓመት በመሣሪያው ላይ በሚለጠፍ ካርድ ቢጻፍ፣ ኃላፊው በሌላ ሠራተኛ ሲተካም ክትትሉ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።