ሠርቶ ማወቅና የዶክትሬት ማዕረግ፤ ከአንኮበር ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

በሙያችን ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት ሕንፃ ሲነድፍና ሲያሠራ የቆየ አርክቴክት የዶክትሬት ትምህርት ለመከታተል ቢፈልግ፣ የግድ ጽሕፈት ቤቱን ዘግቶ፣ የጀመራቸውን ሥራዎች ለሌላ አስረክቦ መሄድ አለበትን? ወይስ የዕለት ሥራው ራሱ፣ በትርፍ ጊዜ በሚካሄድ ትምህርት፣ የምርምሩ መስክ ሊሆን ይችላል? ጥያቄው የግል ጉዳይ ቢመስልም መልሱ አገርን ይነካል። በሠሪዎች እጅና አእምሮ ያለው ዕውቀት ተመዝግቦ ይቀራልን፣ ወይስ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩን ከታሪክ አንጻር መመልከት ሲሆን መነሻችን ሰሜን ሸዋ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንኮበርና ያልተመዘገበው ጥበብ

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በከፍታው ምሥራቃዊ አፋፍ ላይ የምትገኝ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ከ1813 እስከ 1847 የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርን፣ አንጎለላንና ደብረ ብርሃንን እየተዘዋወሩ መቀመጫ አድርገዋቸዋል። በ1841 በካፒቴን ሐሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ሸዋ ሲመጣ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ ነበር። የሣላቸው ሥዕሎችም በ1852 ታትመው ወጡ።

እነዚያ ሥዕሎች ለታሪካችን ትልቅ ዋጋ አላቸው። የኮረብታውንና የሰፈሩን መልክ ያሳዩናል። ይሁን እንጂ ሥዕል የሥራ ንድፍ አይደለም። ምሰሶው ከወራጁ ጋር በምን ተያያዘ? ግንቡ ያን ያህል እንዲወፍር ያደረገው የትኛው ምክንያት ነው? ከጽድና ከወይራ የትኛው ለየትኛው ክፍል ተመረጠ? ሠዓሊው ይህን ሊነግረን አይችልም፤ ሊነግሩን ይችሉ የነበሩት ሠሪዎቹ ብቻ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1865 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ከያዙ በኋላ መናገሻቸው ይኸው አንኮበር ነበር። መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም በ1886 ወደ ተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሲሻገር ግን የአንኮበር ግቢ ዘመን አበቃ። ዛሬ በኮረብታው ላይ የጥንቱ ግቢ ቅሪት ሆኖ የሚታየው የግንብ ቁራጭ ነው፤ እዚያው የጥንቱን አሠራር በሚያስታውስ መልክ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ቆሟል። ይህን የመሰለ ሥራ የሚቀበል አርክቴክት የቀደመው ሠሪ ያሰበውን የሚነግረው መዝገብ ስለሌለ በግምት ለመሥራት ይገደዳል። የአንኮበር ጠቢባን ዕውቀት አልጎደላቸውም ነበር፤ የጎደለው የውሳኔያቸው መዝገብ ነው።

ማዕረጉ ወደ ሠሪዎች የመጣበት መንገድ

በ1879 ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ደረሰ። ኋላ የምኒልክ አማካሪ የሆነው፣ በ1894 የባቡር ሐዲድ ውል የተሰጠው እርሱ ነው። የተማረው በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ሲሆን፣ ይህ ታላቅ ተቋም በዚያ ዘመን የዶክትሬት ዲግሪ የመስጠት መብት አልነበረውም፤ መብቱን ያገኘው በ1909 ነው። በፕሩሲያም ቢሆን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የመሐንዲስ ዶክትሬት እንዲሰጡ የተፈቀደላቸው በ1899 ነበር። የቀደሙት ዩኒቨርሲቲዎች ማሽንና ድልድይ መሥራት የእጅ ሥራ እንጂ ምርምር አይደለም ይሉ ነበርና ክርክሩ ብዙ ጊዜ ፈጅቷል። ዛሬ በንድፍ ሥራ ላይ የሚነሣው ጥርጣሬ ትናንት በእኛ በመሐንዲሶች ላይ የተነሣው መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ሠርቶ በማሳየት የሚገኝ ማዕረግ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ገለል ብሎ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል፣ ይነቅፋል። ስለ ቅኔ ብዙ ማወቁ ብቻ ባለ ቅኔ አያሰኘውም። በየጊዜው አዲስ ቅኔ መፍጠር፣ ሰሙንና ወርቁንም ለሚጠይቀው ማስረዳት ይጠበቅበታል። ሥራ፣ ማብራሪያና የሊቃውንት ፍርድ፣ ሦስቱ ሲሟሉ ተማሪው ይመረቃል።

በውጭው ዓለም የንድፍ ዶክትሬት የተመሠረተው በተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ሾን በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሠለጠነ ባለሙያ በሥራው መካከል እያሰበ ከሥራው ጋር እንደሚነጋገርና ይህም ራሱን የቻለ የማወቅ መንገድ እንደሆነ አስረዳ። በአውስትራሊያ ሜልቦርን በሚገኘው አር ኤም አይ ቲ ደግሞ ሊዮን ቫን ስካይክ ከ1987 ጀምሮ በሥራቸው የታወቁ አርክቴክቶችን እየጋበዘ፣ ጽሕፈት ቤታቸውን ሳይዘጉ የገዛ ሥራቸውን እንዲመረምሩ አደረገ። በማስተርስ ደረጃ የተጀመረው ወደ ዶክትሬት አደገ። ተማሪው በዓመት ሁለት ጊዜ ሥራውን በመምህራንና በሙያ ባልደረቦች ጉባኤ ፊት ያቀርባል። በመጀመሪያ ያለፉ ሥራዎቹን መርምሮ ሳያውቀው ሲከተለው የቆየውን ዘዴ ያወጣል፤ ቀጥሎ በእጁ ባሉት ሥራዎች ይፈትነዋል፤ በመጨረሻም ግኝቱ ወደፊት ሥራውን እንዴት እንደሚለውጠው ያሳያል። ፈተናው ዐውደ ርእይንና በሕዝብ ፊት የሚደረግ የቃል ገለጻን ያካትታል። ከ2013 እስከ 2016 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተካሄደ አንድ መርሐ ግብርም ይህን መንገድ በአውሮፓ ተቋማት አስፋፍቷል።

በእኛ አገር ያለው መሠረት

በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1954 ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው በ1987 ነው። ሠርቶ የመመርመር ምሳሌም አለን። በ2010 እና በ2011 ገደማ የኢትዮጵያ ኪነ ሕንፃ፣ ሕንፃ ግንባታና ከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር በአዲስ አበባ አንድ ባለ ሁለት ደርብ የሙከራ ቤት ሠርቷል። የምድሩ ቤት ግድግዳ ከተጠቀጠቀ አፈር፣ ወለሉና ጣራው ከቀጫጭን የአፈር ጡቦች በቅስት የተሠሩ ናቸው። አፈር የከተማ ደርብ ሊሸከም ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የቆመው ቤት ራሱ ነበር። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስም ንድፍን፣ ማስተማርንና ምርምርን ሳይለያዩ ከዴኒ ዤራር ጋር በ2007 ስለ አዲስ አበባ የሕንፃ ቅርስ ያወጡት መጽሐፍ፣ የባለሙያ ዓይን ለታሪክ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳያል።

አሁን ይህን ወደ ደብረ ብርሃን እናምጣው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ብርድ ነው፤ ውርጭም ይወርድባታል። የመንዝ ገበሬ ለዚህ ብርድ ወፍራም የድንጋይ ካብና የሣር ክዳን መልስ አድርጎ ኖሯል። ዩኒቨርሲቲው በ2007፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2019 ከተከፈቱ ወዲህ ግን ከተማዋ በፍጥነት እየሰፋች ነው፤ አዲሱ ቤትም በአብዛኛው ባዶ ብሎኬትና ቆርቆሮ ነው። በዚያ የሚሠራ አንድ አርክቴክት በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ሕንፃዎችን ይሠራል እንበል። የመጀመሪያውን ሕንፃ የሌሊት ሙቀት ይለካል፤ ነዋሪዎቹን ይጠይቃል፤ በሁለተኛው ላይ ግድግዳውንና መስኮቱን ይለውጣል፤ ለምን እንደለወጠ ይጽፋል፤ ዳግመኛም ይለካል። አራተኛው ሕንፃ ሲያልቅ በእጁ ያለው ለደጋው አገር ሁሉ የሚጠቅም፣ ሌላ ሰው ሊመረምረውና ሊነቅፈው የሚችል ዕውቀት ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ይህን ማግኘት አይቻልም።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ማዕረግ ፈላጊው የቀድሞ ሥራዎቹን ፎቶግራፍ ጠርዞ «ምርምር ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ግድ ናቸው። አንደኛ፣ ጥያቄው ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት መጻፍ አለበት። ሁለተኛ፣ ያልተሳካው ውሳኔ ከተሳካው እኩል መመዝገብ አለበት። ሦስተኛ፣ ፈራጆቹ ከዩኒቨርሲቲም ከሙያውም የተውጣጡ፣ ከሥራው ጥቅም የሌላቸው መሆን አለባቸው። እነዚህ ከሌሉ ማዕረጉ ባዶ ስም ይሆናል።

የማኅበራችን አባላት ይህ እስኪደራጅ መጠበቅ የለብንም። በየጽሕፈት ቤታችን ለእያንዳንዱ ሥራ የውሳኔ መዝገብ እንክፈት፤ ምን እንደመረጥን፣ ምን እንደተውን፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ምን እንዳገኘን እንጻፍ። ዶክትሬት የሚፈልገው ለትምህርቱ መነሻ ያገኝበታል። የማይፈልገውም ቢሆን፣ ከእርሱ በኋላ ያንኑ ግድግዳ የሚጠግነው ባለሙያ በግምት እንዳይሠራ ይረዳዋል።