ቆጥ፣ ኩስና ውርጭ፦ የአውራ ዶሮ እግር ሕክምና ታሪክ

የዶሮን የእግር ሕመም ከማደሪያዋ አሠራር ጋር አያይዘው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ኮሉሜላ ነው። በዛሬዋ ስፔን በካዲዝ የተወለደው ይህ ሮማዊ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ግብርና ብዙ መጻሕፍት ሲጽፍ፣ ስምንተኛውን ለዶሮና ለመሰሎቿ ሰጥቷል። ዶሮ የገዛ ኩሷን መርገጥ የለባትም ይላል፤ ኩሱ እግሯ ላይ ከተጣበቀ ሪህ ያመጣባታል። ቆጡ ድቡልቡል ሳይሆን በአራት ማዕዘን የተጠረበ እንጨት ይሁን፣ ቤቱም ፊቱን ወደ ብርድ ወራት ፀሐይ መውጫ አዙሮ የማድቤት ጢስ በሚደርስበት ይሠራ ሲል ይመክራል። ዶሮዎቹን ከምድጃው ብዙም ሳያርቅ ጎጆው ውስጥ ቆጥ ላይ ለሚያሳድር የኢትዮጵያ ገበሬ ይህ እንግዳ ምክር አይደለም።

ኮሉሜላ ሪህ ያለው ሕመም ምናልባት ዛሬ የውስጥ እግር እባጭ የሚባለው ነው። እውነተኛው ሪህ ዶሮን ቢይዝም መነሻው ሌላ ነው። ስለዚህ የበሽታው ስም ቢሳሳትም መከላከያው ትክክል ነበር። እባጩ የሚጀምረው የእግሩ ውስጥ ሲላጥ ወይም ሲቆረጥ ነው። አውራው ከዶሮዋ ስለሚከብድ ከቆጥ ሲዘል ሸክሙ ሁሉ እግሩ ላይ ያርፋል፤ በብርድ ወራት ደግሞ መሬቱ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ የተዘጋው ቤት ጉዝጓዝም ይረጥባል። ወፉ ያነክሳል፤ እግሩ ሲገለበጥ ያበጠና የሚያተኩስ ሥጋ፣ መሐሉ ላይም ጥቁር ቅርፊት ይታያል። ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን እ.ኤ.አ. በ1880 ከሰዎች መግል ውስጥ ያገኘው ስታፊሎኮከስ የተባለ ተሕዋስ፣ የዶሮ እግር እባጭም ዋና መንስኤ መሆኑ ኋላ ታወቀ። ቀላሉ እባጭ እግሩን በሞቀ ውኃ በመንከር፣ በማጽዳት፣ በመጠቅለልና ደረቅ ጉዝጓዝ በማንጠፍ ይድናል። የጠለቀው ግን የእንስሳት ሐኪም ይፈልጋል፤ ውስጡ ያለው መግል እንደ አይብ የጠጠረ ስለሆነ ተጨምቆ አይወጣም።

እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ከቻይና ወደ እንግሊዝ የገቡት ኮቺን የተባሉ ትልልቅ ዶሮዎች እስከ ጣታቸው ድረስ ላባ የለበሱ ነበሩ። አውሮፓና አሜሪካ በእነርሱ ቢያብዱም ላባው ጭቃና በረዶ ይይዛል፤ ለጌጥ የተወደደው ነገር ለእግሩ ጠላት ነበር። ከእግሩ ቅርፊት ሥር ተሸሽጎ የሚኖረው የእግር እከክ ቅንቅንም በዚህ ላባ ውስጥ ሳይታይ ይቆያል። ይህን ቅንቅን ሮበንና ላንክታን የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1859 ገልጸውታል። ምልክቱ የተነሣ ሻካራ ቅርፊትና ከሥሩ የሚረግፍ ኖራ መሰል ዱቄት ነው። የድሮ አርቢዎች እግሩን ላምባ ውስጥ ይነክሩ ነበር፤ ላምባ ቅንቅኑን ቢገድልም ቆዳ ያቃጥላል። ዘይት ወይም ቫዝሊን ደጋግሞ መቀባት ቅንቅኑን አፍኖ ይገድላል።

በውርጭ ላይ ግን ሕክምናው ለረጅም ጊዜ ስቶ ኖሯል። የናፖሊዮን ቀዶ ሐኪም ዶሚኒክ ላሬ እ.ኤ.አ. በ1812 ከሞስኮ ሲያፈገፍግ፣ የደነዘዘ እግራቸውን እሳት ላይ የሞቁ ወታደሮች ሥጋቸው ሲበሰብስ አየ። ስለዚህ በውርጭ የተመታ አካል በበረዶ ይታሽ አለ። ምክሩ ወደ ዶሮ አርቢዎች መማሪያም ዘለቀ። በካናዳ አንድ መነኩሴ ሌላ መንገድ ፈለገ፤ በኬቤክ የኦካ ገዳም ወንድም ዊልፍሪድ ሻትላን አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እጅግ ያነሰ ሻንትክሌር የተባለ ዝርያ አዳቀለ፤ ዝርያውም እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካ የዶሮ ማኅበር ዕውቅና አገኘ። በረዶ የሚነካው ሥጋ ከአናት ላይ ቢቀንስም ጣቶች ግን ሊቀነሱ አይችሉም። ለእነርሱ የሚበጀው ወፉ ሲቀመጥ የደረቱ ላባ ጣቶቹን እንዲሸፍን የሚያደርግ ሰፊ የእንጨት ቆጥ ነው፤ ብረት ሙቀት ይወስዳል።

በበረዶ ማሸት ሥጋን የበለጠ እንደሚጎዳ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግልጽ ሆነ። ዛሬ የገረጣ ወይም የጠቆረ፣ ሲነኩት ድንጋይ የሆነ እግር ሳይታሽ ለብ ባለ ውኃ ይሞቃል፤ ከዚያ ይደርቅና ወፉ ዳግም ብርድ እንዳያገኘው ይደረጋል። የሞተው ጣት ወዲያው አይቆረጥም፤ የሞተውና ሕያው ሥጋው ተለይተው እስኪታወቁ ሳምንታት ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ይረግፋል።