ሩሎው፣ ጎማውና የጌዴኦ ዳገት

በቢስክሌት ላይ የሚገጠም ትንሽ ሞተር በሰፊው የተሠራጨው በድሎት ሳይሆን በእጦት ዘመን ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት በፈረንሳይና በኢጣሊያ አውቶሞቢል የመግዛት አቅም ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ነዳጅም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሠራተኛው በእጁ የነበረው ሀብት ቢስክሌቱ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የጠየቁት «አዲስ ተሽከርካሪ እንዴት እንሥራ?» ብለው ሳይሆን «ባለው ቢስክሌት ላይ ምን እንጨምር?» ብለው ነው። ከመልሶቹ መካከል ቀላሉና ርካሹ በሰበቃ የሚሠራው ሞተር ሆነ።

አሠራሩ በጥቂት ቃላት የሚገለጽ ነው። የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ሩሎ፣ ማለትም ትንሽ ድብልብል ተሽከርካሪ አካል አለ። ሩሎው በጎማው ላይ ተጭኖ ሲሽከረከር ጎማውንም ያሽከረክረዋል። ካቴና የለውም፤ የማርሽ ሣጥንም የለውም። እኛ በጋራዦቻችን «ፍሪሲዮን» የምንለው ቃል በምንጩ በኢጣሊያንኛ «ሰበቃ» ማለት መሆኑን ላስተዋለ ባለሙያ፣ ይህ ሞተር ሥራውን ሁሉ ለሰበቃ ብቻ አደራ የሰጠ መሆኑ ይገባዋል። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ከእነዚህ ሞተሮች እጅግ የታወቁት ሁለቱ ለገበያ የበቁት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። በካርቡራቶር ሥራው የታወቀው የፈረንሳይ ኩባንያ ሶሌክስ ሞተሩን ከፊተኛው ጎማ በላይ አስቀመጠው። የመጀመሪያው ቬሎሶሌክስ 45 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሆኖ ጉልበቱ 0.4 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። ነጂው በማንሻ ሞተሩን ወደ ላይ ካነሣው ሩሎው ከጎማው ይለያል፤ ቢስክሌቱም ወደ ተራ ቢስክሌትነቱ ይመለሳል። የኢጣሊያው ጋሬሊ በበኩሉ «ሞስኪቶ» የተባለውን 38 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር ከፔዳሎቹ ሥር አድርጎ ሩሎውን ከኋላ ጎማ ጋር አገናኘው። ጉልበቱም 0.8 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። ዱካቲ በ1946 መሥራት የጀመረው «ኩቾሎ» የተባለው ሞተር ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በራሱ በቢስክሌቱ ካቴና ነበር፤ ሁለት ማርሽም ነበረው። አሠራሩ ከሰበቃው ሞተር የተወሳሰበ ቢሆንም ዳገትና ዝናብ ሲመጡ ልዩነቱ ጎልቶ ይታይ ነበር። ከዓመታት በኋላ በካቴና የሚሠሩ ቀላል ሞተር ብስክሌቶች ሲበረክቱ የሰበቃው ሞተር ቀስ በቀስ ገበያውን ለቀቀ። ቬሎሶሌክስ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ቁጥር ከተሠራ በኋላ በፈረንሳይ እስከ 1988 ዘልቋል።

ይህን ታሪክ ወደ ዲላ ብናመጣው ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። የጌዴኦ ምድር ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣ ተዳፋት ነው። ዲላ 1570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ የቡሌ ደጋ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የእንሰትና የቡና መልክዓ ምድር የተዘረጋው በዚሁ ተዳፋት ላይ ነው። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉም ቀዩ ጭቃ ይቀበላል። ቀይ እሸት ቡና ደግሞ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ ጥራቱ ይጎድላል። ሞተር መግዛት የሚያምረው ሰው የሚያስበው ይህን ጭነት ነው።

ስሌቱ ይህንን ምኞት ይፈትነዋል። ነጂውና ቢስክሌቱ 100 ኪሎ፣ ቡናው 50 ኪሎ ቢሆኑ፣ በመቶ ሜትር 8 ሜትር የሚወጣ ዳገት በሰዓት በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመውጣት፣ መንገዱ ደረቅ ቢሆን እንኳ 550 ዋት ያህል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቬሎሶሌክስ የነበረው 300 ዋት ገደማ ነው። ሞስኪቶ 600 ዋት ቢጠጋም፣ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የነዳጅ ሞተር ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ስለሚያጣ ዲላ ላይ 500 ዋት ገደማ ይቀረዋል። ማርሽ ስለሌለውም ጎማው ሲዘገይ ሞተሩ አብሮ ይዘገያል፤ ጉልበቱም ይበልጥ ይወርዳል። ቀሪውን የሚያሟላው የነጂው እግር ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው የዛሬው ዓይነት ከፍታ አይጎዳውም። ይሁን እንጂ ሩሎው ያው ሩሎ ነው፤ የረጠበ ጎማ ላይ ይንሸራተታል። እንዳይንሸራተት አጥብቀው ቢጭኑት ደግሞ ጎማውን ይበላዋል፤ ትርፉ ለጎሚስታው ነው።

ስለዚህ አንድ ባልደረባ ለመጀመሪያ ገዢ ምክር ሲጠየቅ የሚመረምረው በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ መንገዱን፦ ቢስክሌቱ የሚመላለሰው በዲላ አስፋልት ላይ ነው ወይስ በዳገቱ? ቀጥሎ የሩሎውን ውፍረት፦ በደቂቃ 4000 ጊዜ የሚዞር ባለ 30 ሚሊ ሜትር ሩሎ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲያስኬድ፣ ባለ 40 ሚሊ ሜትሩ 30 ያስኬዳል፤ ለዳገት ግን የሚሻለው ቀጭኑ ነው። ከዚያም የጎማውን ጥርስና ንፋስ፣ የቸርኬውን ቀጥተኛነት፣ በመጨረሻም ፍሬኑን ያያል፤ ዳገት የወጣ ሁሉ መውረዱ አይቀርምና። ለከተማ ሜዳና ለደረቅ ወራት የሰበቃው ሞተር ዛሬም በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ጅምር ነው። እሸት ቡና ከዳገት ለሚያመላልስ ሰው ግን በካቴና የሚሠራውን ማስመረጥ ይገባል። የሰበቃው ሞተር የተወለደው ለሌላ አገር መንገድ ነበርና፣ የጌዴኦን ዳገት ሳይለኩ መምከር የገዢውን ገንዘብ ማባከን ይሆናል።